ነጥቡ ለየትኛው ጥያቄ ነው? ክራፍት ቢራን ቀምሶ ስለ መመዘን

በቤልጅየም ምዕራባዊ ጥግ፣ ከፈረንሳይ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም አለ። መነኮሳቱ ቢራ ይጠምቃሉ፤ የሚጠምቁትም ገዳሙን ለማኖር የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ቬስትቭሌተረን 12 የሚባለው ጠቆር ያለ ቢራቸው 10.2 ከመቶ አልኮል አለው። ለብዙ ዘመን ጠርሙሱ ላይ ወረቀት አይለጠፍም ነበር፤ የትኛው ቢራ እንደሆነ የሚለየው በቆርኪው ነበር። በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሬትቢር የተባለው የጠጪዎች የነጥብ መዝገብ ይህን ቢራ የዓለም አንደኛ ብሎ አወጣው። ወደ ገዳሙ የሚወስደው የገጠር መንገድ በመኪና ሰልፍ ተያዘ። መነኮሳቱ ግን ምርት አልጨመሩም። ለአንድ ገዢ የሚሸጠውን ሣጥን ገደቡ፣ በስልክ ቀጠሮ ሸጡ፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ትእዛዙን በኢንተርኔት አደረጉት።

ቢራው ጥሩ ስለመሆኑ የቀመሱት ብዙም አይከራከሩም። ክርክሩ ያለው አንደኛነቱ ላይ ነው። አንደኛ የወጣው ከማን ጋር ተወዳድሮ ነው? ከሌሎች ጠንካራ የቤልጅየም ቢራዎች ጋር ነው ወይስ ከቼክ ፒልስነር፣ ከእንግሊዝ ቢተርና ከአየርላንድ ስታውት ጋር ባንድ ሚዛን ተቀምጦ? ከነጥቡ ውስጥስ ስንቱ የጣዕሙ፣ ስንቱ የመንገዱ ርቀትና እንደ ልብ ያለመገኘቱ ነው? የክራፍት ቢራ ምዘና ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። በዚህ ጊዜ የወጡት ቅጾች፣ ውድድሮችና መተግበሪያዎች ሲታዩ ችግራቸው የቀማሾች ምላስ አለመስማማቱ አይደለም፤ ምላስ መቼም ተስማምቶ አያውቅም። ችግሩ የተለያየ ጥያቄ ጠይቀው ያገኙትን መልስ አንድ ዓይነት ቁጥር አልብሰው ማውጣታቸው ነው።

ክራፍት የሚባለውን ራሱን እንለይ። የአሜሪካ የጠማቂዎች ማኅበር መለኪያ እንደሚለው፣ ክራፍት ጠማቂ በዓመት ከ6 ሚሊዮን በርሜል የማይበልጥ የሚጠምቅ፣ ሌላ የአልኮል ኩባንያ ደግሞ ከሩብ በታች ብቻ ድርሻ የያዘበት ድርጅት ነው። 6 ሚሊዮን በርሜል 7 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ያህል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ማለት እንግዲህ ይህን ያክላል። መለኪያው ስለ ጣዕም አንድም ነገር አይልም። ክራፍት የተባለ ሁሉ ጥሩ፣ ከትልቅ ፋብሪካ የወጣ ሁሉ መናኛ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ሳይቀምስ ነጥብ ሰጥቷል።

ቢራን በየዓይነቱ ለይቶ የመመዘን ልማድ ትልቁን ድርሻ ያገኘው ከአንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። ማይክል ጃክሰን (ከዘፋኙ ጋር ከስም በቀር የሚያገናኘው የለም) በ1977 ባሳተመው የዓለም ቢራ መመሪያ መጽሐፉ ቢራዎችን በአጠማመቃቸውና በተወለዱበት ቦታ ታሪክ እየመደበ አቀረበ። በዓመቱ፣ በኦክቶበር 1978፣ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ለራስ ፍጆታ በቤት የሚጠመቅን ቢራ ከቀረጥ ነጻ ያደረገውን ሕግ ፈረሙ። ቤቱ የሚጠምቅ አሜሪካዊ በዛ፤ የጎረቤትን ቢራ ከራስ ቢራ ማወዳደር መጣ፤ ማወዳደር ሲመጣ ዳኛ አስፈለገ። በ1985 የቢራ ዳኞችን ፈትኖ የሚያስመሰክር ፕሮግራም ተቋቋመ፤ በምህጻሩ ቢጄሲፒ ይባላል። የ2021 መመሪያው ቢራን በ34 ዋና ምድቦች ይከፍላል። በየምድቡ ሥር ንዑስ ዓይነቶች አሉ፤ የእያንዳንዱ መልክ፣ ሽታ፣ ምረትና የአልኮል መጠን ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ተጽፏል።

ነጥቡ ከ50 ነው። ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ በአፍ ውስጥ የሚሰማው ክብደትና ጋዝ 5፣ አጠቃላይ ግምት 10። መልክ ከሃምሳው ሦስት ብቻ መያዙ፣ ቢራን በአረፋው ቁመት የሚዳኝ ሰው ሲሰማው ቅር ሳያሰኘው አይቀርም። 45 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቢራ የዓይነቱ አብነት ይሆናል፤ ከ30 እስከ 37 ያገኘ በጣም ጥሩ ይባላል፤ 13 እና ከዚያ በታች ከሆነ ችግር አለበት። በዚህ ቅጽ 32 ያገኘ ጠማቂ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። አጠቃላይ ግምት የሚባለው ዐሥር ነጥብ ብቻ ነው ለዳኛው የግል ስሜት ቀዳዳ የሚተው። የቀረው አርባ ነጥብ የሚጠይቀው ቢራው ነኝ ያለውን መሆኑን ነው።

ዳኛው እንዴት እንደሚቀምስ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ፊቱ የሚቀርብለት ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ኩባያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስስ ፕላስቲክ፤ የሚቀዳለትም ጥቂት ጉንጭ የሚሆን። ቶሎ አይጎነጭም። ወደ አፍንጫው ወስዶ አጠር አጠር አድርጎ ያሸታል፤ ቢራ እንደ ተቀዳ ቀድመው የሚያመልጡ ስስ ጠረኖች አሉና ከዘገየ አያገኛቸውም። አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል፤ ስለዚህ ኩባያውን ያስቀምጥና የራሱን እጅጌ አሽትቶ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥቶ ጥራቱን፣ ቀለሙንና የአረፋውን አቀማመጥ ያያል። ይጎነጫል፣ ምላሱ ላይ ያንሸራሽራል፣ ይውጣል። ቡና ቀማሽ ይተፋል፤ የቢራ ዳኛ ግን በአብዛኛው ይውጣል። ምረቱ ከጉሮሮ ካለፈ በኋላ የሚቆየውን ያህልና ከውስጥ ወደ አፍንጫ የሚመለሰውን ሽታ የሚያገኘው ያኔ ነው። በመካከሉ ውሃና ቅመም የሌለው ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት ይቀርብለታል። ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። ኢምፔሪያል ስታውት ቀምሶ ወደ ፒልስነር የሚመለስ ሰው ውሃ የቀዱለት ይመስለዋል።

ቅዝቃዜም አለ። እኛ አገር አስተናጋጅ መጀመሪያ የሚሰማው “ቀዝቃዛ ይሁን” የሚለውን ነው። ለጥም ደግ ነው። ለቀመሳ ግን በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ሽታው ይታፈናል፣ ምላስም ይደነዝዛል። ፈካ ያለ ላገር ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ስታውትና ጠንካራ ኤል 12 ወይም 13 ዲግሪ ሲደርሱ ነው ያላቸውን የሚያወጡት። ጉድለት ያለበት ቢራ በረዶ ሆኖ ሲቀርብ ያልፋል፤ ሞቅ ሲል ጉዱ ይወጣል። እርጥብ ካርቶን የሚመስለው ያረጀ ቢራ ጠረን፣ የተቀቀለ በቆሎ የሚመስለው ጠረን፣ ያልበሰለ ፖም የሚመስለው ጠረን፣ ሁሉም በዚህ ጊዜ ይታወቃሉ። ዳኞች እነዚህን የሚማሩት ጉድለቱን የሚሰጠውን ውሁድ ሆን ተብሎ ጠብ ተደርጎበት በሚቀርብላቸው ተራ ላገር ነው፤ አፍንጫም እንደ ጆሮ ይሠለጥናል።

ለቡና ቀመሳ ልማድ ላላት አገር ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛ ቡና ቀማሾች ከ100 ነጥብ እየሰጡ 80 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ስፔሻሊቲ ብለው ይለያሉ፤ በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲካሄድ ነጥብ በጨረታ ዋጋ ሲመነዘር ታይቷል። የቢራ ዳኝነት ከዚህ የሚለየው ሚዛኑን በየዓይነቱ መቀያየሩ ላይ ነው።

ለምን እንደሚቀያይር ለማየት አንድ ሽታ ይዞ በዓይነቶቹ መካከል መዞር ይበቃል። ቅርንፉድን እንውሰድ። በባቫሪያ የስንዴ ቢራ ውስጥ እርሾው ራሱ የሙዝና የቅርንፉድ ጠረን ይፈጥራል፤ ቅመም የሚባል አልገባበትም። ዳኛው ይህን ጠረን ካጣ ነጥብ ይቀንሳል። ያው ጠረን ፒልስነር ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ባዕድ እርሾ ሾልኮ ገብቷል፣ የጠመቃ ቤቱ ንጽሕና ይፈተሽ ያሰኛል። ዳያሴቲል የሚባለው የቅቤ ጠረን በቼክ ፒልስነርና በአንዳንድ የእንግሊዝ ኤል ጥቂቱ ይታለፋል፤ የሚወዱትም አሉ። በጀርመን ፒልስነር ግን ጉድለት ነው። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ በስም አንድ የሆኑ ሁለት ቢራዎች በአንድ ጠረን ይለያያሉ ማለት ነው።

የኮምጣጣው ነገር የባሰ ነው። ላገር ከኮመጠጠ ተበላሽቷል። ብራስልስ ከሚገኘው የካንቲዮን ጠመቃ ቤት የሚወጣው ላምቢክ ግን ሊኮመጥጥ የተጠመቀ ነው። እርሾ አይጨመርበትም። የፈላው የብቅል ውሃ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ክፍት ገንዳ ላይ ሲያድር ከአየሩ የሚወድቁበት ጥቃቅን ነፍሳት ያብላሉታል። ከዚያ በእንጨት በርሜል ዓመታት ይቀመጣል፤ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ተደባልቆ ጎዝ የተባለው ቢራ ይሆናል። በውስጡ የሚሠራው ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ የኮርቻ ቆዳና የጋጣ ጠረን ያመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ኩባያውን ገፋ ያደርገዋል፤ የሚያውቀው ዋጋውን ሳይጠይቅ ይገዛል። ሁለቱም ከአምስት ኮከብ ስንት ስጡ ቢባሉ፣ የሁለቱ መልስ አማካይ ስለ ቢራው ምን ይነግረናል? እኔ ምንም አይነግረንም ባይ ነኝ።

በሌላኛው ጫፍ ያለው ፒልስነር ነው። በ1842 ባቫሪያዊው ጠማቂ ዮሴፍ ግሮል በቦሔሚያዋ ፕልዘን ከተማ የጠመቀው ወርቃማ ላገር ዛሬ በዓለም ለሚጠጣው አብዛኛው ቢራ አባት ነው። ስታውት በተቆላ ገብስ፣ አይፒኤ የተባለው መራራ ኤል በሆፕስ (ለቢራ ምረትና መዓዛ በሚሰጠው አበባ) የሚሸፍነው ጉድለት ይኖር ይሆናል፤ ፒልስነር የሚሸሸግበት የለውም። ውሃው ካልተስማማ ይታወቃል፣ ከመብሰሉ በፊት ከተሸጠም ይታወቃል። ጠማቂዎች የሌላውን ጠማቂ ችሎታ ሲፈትኑ ፒልስነሩን ቅዳልኝ የሚሉት ለዚህ ነው። ሕዝብ በሚሰጠው ነጥብ ግን ፒልስነር ከላይኛው ረድፍ ደርሶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

የሕዝቡ ነጥብ ከየት መጣ? ቢርአድቮኬት በ1996፣ ሬትቢር በ2000፣ አንታፕድ በ2010 ተመሠረቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከዳኞቹ ቅጽ ብዙም አልራቁም ነበር። ቢርአድቮኬት ለመልክ 6፣ ለሽታ 24፣ ለጣዕም 40፣ በአፍ ለሚሰማው 10፣ ለአጠቃላይ 20 ከመቶ ይሰጣል፤ የቢጄሲፒን 50 ነጥብ በሁለት ማባዛት ነው። ልዩነቱ ጠጪው የቢራውን ስም፣ ዋጋና ዝና እያወቀ፣ የልቡን የሚሞላ መሆኑ ነው። አንታፕድ ደግሞ ዝርዝሩንም ተወው። ከአምስት ኮከብ በሩብ በሩብ የሚከፋፈል አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። በስልክ፣ ቆሞ፣ ጫጫታ ውስጥ ለሚጠጣ ሰው ይህ ይመቻል። በምላሹ ግን ሰውየው ሽታውን ወደደው ወይስ ጣሳው ላይ ያለውን ሥዕል ማወቅ አይቻልም።

እንዲህ ያለ ነጥብ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበሉ አልቀረም። የላይኛው ረድፍ በኢምፔሪያል ስታውት፣ በድርብ አይፒኤና በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጡ ቢራዎች ተሞላ። ምክንያቱ ስውር አይደለም። ጠንካራ ጣዕም በሁለት ጉንጭ ውስጥ ራሱን ያስታውቃል፤ አምስት ዓይነት ቢራ ቀምሶ ለሚሄድ ሰው በአእምሮው የሚቀርለት እሱ ነው። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ የሚጥም ቢራ ግን ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ የሚደርስ መዛኝ ይፈልጋል። ሰልፍ ይዞ፣ ሩቅ ነድቶ የገዛ ሰውም ለቢራው ሦስት ኮከብ ለመስጠት እጁ አይታዘዝም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለ ሐበሻ ወደ ቢራ መደብር ጎራ ብሎ መደርደሪያው ግማሹ ለምን አይፒኤ እንደሆነ ቢገርመው፣ የመልሱ አንዱ ክፍል እዚህ ውስጥ አለ።

ሆኖም ሕዝቡ ልክ፣ ቅጹ ዘግይቶ የተገኘበት ጊዜም አለ። አይፒኤ በአሮጌው የአሜሪካ ልማድ ጥርት ያለ፣ ደረቅና መራራ ነው። ምረቱ በመመሪያው ከ40 እስከ 70 አይቢዩ ይገመታል፤ አንድ አይቢዩ በሊትር አንድ ሚሊ ግራም ያህል የሆፕስ መራራ አሲድ ነው። ቬርሞንት ግዛት ያለው አልኬሚስት ጠመቃ ቤት ሄዲ ቶፐር ብሎ የሚጠምቀው አይፒኤ ግን ድፍርስ ነው፤ ለስላሳ፣ የፍራፍሬ ጠረን የሞላበት። በኦገስት 2011 አይሪን የተባለው ማዕበል የመጠጥ ቤቱን በጎርፍ አወደመው፤ በዚያው ሰሞን ቢራው በጣሳ መታሸግ ጀመረ። ጣሳው ላይ ከጣሳው ጠጡት የሚል ማሳሰቢያ ታትሟል። ስለዚህ የመልክ ሦስት ነጥብ ገና ከመጀመሪያው ከጨዋታ ወጣ። በቅጹ ከሄድን ድፍርስነት በአይፒኤ ጉድለት ነበር። ጠጪው ግን ከሰማይ በታች እንደሱ ያለ የለም አለ፤ ሌሎች ጠማቂዎችም ተከተሉ። ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል በ2018 ለድፍርሱ አይፒኤ የራሱን ምድብ ሲከፍት በዚያ ዓመት ብዙ ተወዳዳሪ የቀረበበት ምድብ ሆነ፤ ቢጄሲፒም በ2021 መመሪያው ቋሚ ቦታ ሰጠው። ዓይነት ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። ብዙ ሰው ደጋግሞ የወደደውን ነገር ጸሐፊ በኋላ መጥቶ የሚመዘግበው ነው።

ነጥብ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ባለ ገንዘብ ይመጣል። የዓለም ትልቁ ቢራ ጠማቂ ኤቢ ኢንቤቭ በሬትቢር ውስጥ ድርሻ መግዛቱ በ2017 ይፋ ሲወጣ፣ ዶግፊሽ ሄድ የተባለው ክራፍት ጠማቂ ቢራዎቼን ከመዝገባችሁ አውጡልኝ አለ። ተወዳዳሪ ዳኛውን ሲገዛው ምን እንደሚባል ማብራራት አያስፈልግም። በ2019 መዝገቡ ሙሉ በሙሉ የዚያው ኩባንያ ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ተዘጋ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የተጻፈ የቀመሳ ማስታወሻ አብሮት ሄደ።

ከተጻፈው ውስጥ ጥቂቱ ግን ቀድሞ ለቁም ነገር ውሏል። በ2024 የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 250 የቤልጅየም ቢራዎችን መርምረው በእያንዳንዱ ከ200 በላይ የኬሚካል ባሕርያትን ለኩ። በ16 የሠለጠኑ ቀማሾች አስቀመሱ። ከሬትቢር የተወሰደ ከ180,000 በላይ የጠጪዎች አስተያየትም ጨመሩበት፤ ከዚያ ከኬሚካሉ ተነሥቶ ሰው ምን ያህል እንደሚወደው የሚገምት የኮምፒውተር ሞዴል ሠሩ። ሞዴሉ ይወደዳሉ ያላቸውን ውሁዶች ገበያ ላይ ባለ ቢራ ጠብ ሲያደርጉበት ቀማሾቹ ቢራውን የበለጠ ወደዱት። የሕዝቡ አስተያየት ባዶ ጫጫታ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። የነገሩ ቁልፍ ግን አስተያየቱ በጽሑፍ መሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹን የጠቀማቸው ሽታውንና ምረቱን የሚያነሣው ሐተታ ነው፤ ባዶ ኮከብ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልደረሱ።

ስም ማወቅ ጣዕምን ምን ያህል እንደሚለውጥ ከቆየ ጥናት እንውሰድ። በ1964 ራልፍ አሊሰንና ኬኔዝ ኡል የተባሉ አሜሪካውያን ቢራ አዘውትረው ለሚጠጡ ሰዎች ወረቀቱ የተላጠ ጠርሙስ ሰጡ። ሰዎቹ የየራሳቸውን ቢራ ከሌላው መለየት አልቻሉም፤ ነጥባቸውም ተቀራራቢ ነበር። ወረቀቱ ሲመለስ ሁሉም የየራሱን ቢራ ከፍ አደረገ። በ2006 የታተመው የካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ሙከራ ደግሞ የሚያስቅ ነው። ሊ፣ ፍሬድሪክና አሪዬሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በዩኒቨርሲቲ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቢራ ላይ ጥቂት ጠብታ በለሳሚክ አቼቶ ጨመሩ። ያልተነገራቸው አብዛኞቹ አቼቶ ያለበትን መረጡ። ከመቅመሳቸው በፊት የተነገራቸው ፊታቸውን አዞሩ። ከቀመሱ በኋላ የተነገራቸው ግን አልተጸጸቱም። ወሬው የሚሠራው ምላሱ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከደረሰ።

ይህን ወደ እኛ ጠረጴዛ ማምጣት ቀላል ነው። ጊዮርጊስ፣ ሐበሻ፣ ዳሽን፣ ዋልያ፣ በደሌ፣ ሐረር፣ እያንዳንዱ ሞቱን የሚሞትለት ደንበኛ አለው። የእግር ኳስ ክለብና የትውልድ አካባቢ ስሜትም ተጨምሮበት ክርክሩ ይጦፋል። የየፋብሪካው ዋና ምርት ግን የአንድ ዓይነት ቢራ ዘመድ ነው፤ ፈካ ያለ፣ ምረቱ ለዘብ ያለ ላገር። ጠጪው የራሱን በእርግጥ ይለይ እንደሆነ ለመፈተን የሚበቃው ሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆ ነው። በሁለቱ አንዱን ቢራ፣ በሦስተኛው ሌላውን ሌላ ሰው ተደብቆ ይቅዳ፤ ጠጪው የተለየው የትኛው እንደሆነ ይናገር። በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ በ1940ዎቹ የተጀመረው የሦስት ማዕዘን ፈተና የሚባለው ይኸው ነው። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከሦስት አንዱን ያገኛል፤ ስለዚህ አንዴ መምታት ዕድል ነው፣ ደጋግሞ መምታት ነው ችሎታ። ስንቴ ቢደጋገም ይበቃል የሚለውን ያሰበበትም የቢራ ሰው ነው። ደብሊን ጊነስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት ከጥቂት ናሙና ምን ያህል ማመን እንደሚቻል የሚያሰላበትን መንገድ በ1908 “ስቱደንት” በሚል የብዕር ስም አሳተመ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስት ሰው አምስት ኮከብ የሰጠው ቢራ ሦስት ሺህ ሰው አራት ተኩል ከሰጠው እንዳይበልጥ መዝገቦቹ ነጥቡን የሚያርሙትም በዚሁ መንፈስ ነው።

ከላገር ውጭ እኛ ምን ቀምሰናል? ሐረር ጠማቂ ሐኪም ስታውት የሚል ጥቁር ቢራ አውጥቷል። ቦሌ ያለው ቢር ጋርደን ኢን በጀርመን ስልት እዚያው የሚጠምቃቸውን ብሎንዲና ኢቦኒን ያቀርባል። ከዚያ የሚቀጥለው ቤታችን ውስጥ ያለው ነው።

ጠላ በማናቸውም መለኪያ ቢራ ነው፤ ብቅል አለው፣ መራራ ቅጠል አለው፣ ይብላላል። የባምበርጉ ሽሌንከርላ ብቅሉን በቢች እንጨት ጢስ እያደረቀ የሚጠምቀውን የጢስ ቢራ ዓለም በአድናቆት ይቀምሳል። እኛ ጋ ጢሱ ከዕቃው ይመጣል። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ የወይራ ፍልጥ ተለኩሶ አፉ ላይ ይደፋል፣ ውስጡ እስኪታጠን ይቆያል። አሻሮው ሲቆላ የሚያመጣው የተጠበሰ ገብስ ጠረን በዚያ ላይ ይጨመራል። ይህን በአይፒኤ ቅጽ የሚመዝን ዳኛ ጢሱን ጉድለት፣ ኮምጠጥ ማለቱን ብልሽት ብሎ 14 ቢሰጠው ቅጹን በትክክል ሠርቶበታል፤ ቅጹ ነው የሌላ ሰው። ቢጄሲፒ ጠጅን በማር መጠጦች መመሪያው ታሪካዊ በሚለው ምድብ በስም ይጠራዋል። ጠላ ግን በቢራ መመሪያው የራሱ ምድብ የለውም። ፊንላንዳውያን በገጠር በጥድ ቅርንጫፍ እያጠለሉ የሚጠምቁት ሳህቲ ግን አለው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2002 በባህላዊ ምርትነት መዝግቦላቸዋል። ሳህቲም እንደ ጠላ ቶሎ የሚበላሽ፣ ከቤት ቤት የሚለያይ፣ ድፍርስ መጠጥ ነው፤ ለመመዝገብ ይህ አላገደውም።

የጠላ ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ ምድብ መለየት ይኖርበታል። ጉሹና የጠለለው አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። የዳጉሳ ጠላና የገብስ ጠላ፣ ገና እየፈላ የሚጠጣው የጎንደር ኮረፌ፣ ቅራሪም ጭምር የየራሳቸው መስመር ያሻቸዋል። ድፍድፉ ውሃ ከገባበት ስንት ቀኑ ነው የሚለው ከነጥቡ በፊት መጻፍ አለበት፤ የዛሬው ጠላ የነገው አይደለም። የጌሾው ምረት ከሆፕስ ምረት ስለሚለይ በአይቢዩ አይለካም። ለወይራው ጢስ ስንት ነጥብ ይያዝለት የሚለውን ግን ከሩቅ የሚመጣ ዳኛ ሳይሆን ጋኑን የሚያጥኑት ሴቶች ቢወስኑት ይሻላል።